ዝገትና አሮጌው ላንድሮቨር

አወቱ መንደራ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አየን። ባለቤቱ ቡና በሸጡ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ያድሱታል። «ቦዲው ደህና ነው፤ ያስቸገረኝ ሻንሲው ነው» አሉን። ምክንያቱን እንመልከት።

ላንድሮቨር እንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የብረት እጥረት ስለነበረ ቦዲውን በአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ማረሻም ዝናብ ላይ ካደረ ያው ነው። የጅማ ጭቃ ሻንሲው ላይ ተጋግሮ እርጥበት ይይዛል። ከላይ ቀለም ቢቀቡት መኪናው ያምራል እንጂ አይድንም። ሰው ጭኖ ቁልቁለት ላይ ቢሰበርስ?

ስለዚህ ባለቤቱ ጭቃውን ያጥባሉ፤ ሲደርቅ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈቀፍቃሉ፤ የሳሳውን አስቆርጠው አዲስ ብረት ያስበይዳሉ፤ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባሉ። ዘንድሮ የኋላው ታድሷል። የፊቱ የሚመጣውን ቡና ይጠብቃል።