ሌሊት 8 ሰዓት የሚነቁት አባት

ጥያቄ፦ የምንኖረው መካነ ሰላም ነው። የ74 ዓመት አባቴ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይተኙና ሌሊት 8 ሰዓት ነቅተው እስኪነጋ ይገላበጣሉ። የእንቅልፍ ኪኒን ልግዛላቸው?

መልስ፦ አይግዙ። እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ከአረጋዊ ሰውነት ቶሎ አይወጡም፤ ለሽንት ሲነሱ ያንገዳግዳሉ፣ ለስብራትም ይዳርጋሉ።

እስኪ ሰዓቱን እንቁጠረው። ከ1 ተኩል እስከ 8 ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀን ፀሐይ ላይ የሚያሸልቡ ከሆነ ደግሞ ያ ሲጨመር አባትዎ እንቅልፋቸውን ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። የመካነ ሰላም ደጋ ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ አልጋ ይሰዳል፤ ዕድሜም የሰውነትን ሰዓት ያስቀድመዋል። ስለዚህ መኝታቸውን በየጥቂት ቀኑ በሩብ ሰዓት እያዘገዩ 3 ሰዓት ተኩል ያድርሱት። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አባትዎ ደጅ ብርሃን ላይ ይቀመጡ ወይም ይንቀሳቀሱ። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ። ለኪዳን ወይም ለሱብሂ ብለው ፈቅደው የሚነሱ ከሆነ ግን ይህ በሽታ አይደለም፤ ይተዉአቸው።

ቡናው ያከራክረን ይሆናል። ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ይቆያል፤ የማታው ቡና ይቅርባቸው፣ የጎረቤት ጥሪም ቢሆን። ጠላና አረቄ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ሌሊት ግን ይቀሰቅሳሉ። ለብርዱ ጋቢ ይደረብላቸው እንጂ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አይደር፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ከሆነ በጠዋት መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ወይም ሌሊት ደጋግመው የሚሸኑ ከሆነ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።