ጉምቦሮና ፈንግል፤ የተከተበች ዶሮ ለምን ትሞታለች?

በአገራችን የዶሮ በሽታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ፈንግል ይባላል። ዶሮዋ አንገቷ ተጠማዝዞ ብትወድቅም ፈንግል ነው፤ ነጭ አስቀምጧት ስትቆዝም ብትውልም ፈንግል ነው። ሐኪሞች ግን ፈንግል የሚሉት ኒውካስል የተባለውን በሽታ ነው። በዚሁ ስም ተሸፍኖ የሚያልፍ ሌላ የቫይረስ በሽታ አለ፤ ስሙም ጉምቦሮ ይባላል። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ዶሮ ለመጻፍ ምን ሥልጣን አላችሁ የሚለን አይጠፋም። ደብተርና እርሳሳችን የተገዛው በእንቁላል ዋጋ መሆኑ ሥልጣን ይሆነናል ብለን እናምናለን።

በሽታው ስሙን ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በጽሑፍ ከተገለጠበት፣ በአሜሪካ ደላዌር ግዛት ከሚገኝ ጉምቦሮ ከሚባል ስፍራ ነው። በእኛ አገር ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፣ በአሁኑ ቢሾፍቱ፣ በዶሮ እርባታ ጫጩቶች ላይ ታየ።

ጉዳቱን ለመረዳት አንዲት ትንሽ ከረጢት ማወቅ ያስፈልጋል። በዶሮ ጅራት ሥር፣ ከፊንጢጣዋ በላይ፣ ቡርሳ የምትባል ከረጢት አለች። የጣሊያኑ የአካል ሊቅ ፋብሪሲየስ ስለ እርሷ የጻፈው በ1621 ዓ.ም. ታተመ፤ ነገር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጥቅሟን ያወቀ አልነበረም። በኋላ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቻንግ የተባለ ተማሪ ለክፍል ማሳያ ዶሮ ቸግሮት፣ ጓደኛው ግሊክ ቡርሳቸውን ካወጣላቸው ዶሮዎች ተዋሰ። ዶሮዎቹ ባዕድ ነገር ሲወጉ በሽታ የሚከላከለውን አንቲቦዲ ሳይሠሩ ቀሩ። በ1956 ዓ.ም. የታተመው ጽሑፋቸው በታላቁ የሳይንስ መጽሔት ተቀባይነት ስላጣ በዶሮ እርባታ መጽሔት ነው የወጣው፤ ዛሬ ግን የሰውም ሕክምና መሠረት ሆኗል። (ጽሑፉ ሲመለስለት ተስፋ የሚቆርጥ ጓደኛ ይህን ልብ ይበል።)

እንግዲህ የጉምቦሮ ቫይረስ የሚያጠፋው በዚች ከረጢት ውስጥ የሚያድጉትን፣ አንቲቦዲ የሚሠሩትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያለች ጫጩት ስትያዝ ላባዋ ይቆማል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ኩሷ ነጭና ውሃ የበዛበት ይሆናል። ሞቱ በጥቂት ቀን በርትቶ በሳምንት ገደማ ይበርዳል። ባለቤቱም ተመስገን ይላል። ክፉው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የተረፈችው ቄብ ቡርሳዋ ስለመነመነ፣ የፈንግል ክትባት ብትሰጥ እንኳ ሰውነቷ በሚገባ አይቀበለውም። ከሦስት ሳምንት በታች የተያዘችው ደግሞ ሕመም ሳይታይባት ነው መከላከያዋን የምታጣው።

ክብረ መንግሥትን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የነገሌ ቦረና መንገደኛም ያልፍባታል። አንዲት እናት ከመሐል አገር እርባታ የመጡ የፈረንጅ ቄቦች ገዝተው፣ ለፈንግል አስከትበው፣ በወሩ ቢያልቁባቸው ምን ይላሉ? «ክትባቱ ገደለብኝ» ይላሉ፤ ጎረቤትም ይሰማል። በሚቀጥለው ጊዜ ክታቢው ሲመጣ የሐበሻ ዶሮዎቻቸውን እንኳ የሚያወጣለት ያጣል። እኛ እንደሚመስለን ከዶሮዎቹ ሞት ይልቅ የሚከፋው ይህ የእምነት መጥፋት ነው፤ ፈንግልን የሚመክት ሌላ መሣሪያ የለንምና።

ክትባቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም፤ በረጅም መንገድ በሙቀት የተበላሸ ክትባትም ያው ውጤት ያመጣል። በቢሾፍቱ ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባት ይሠራል፤ ለቆላ ከተሞች ትልቅ ነገር ነው፤ ጉምቦሮን ግን አይከላከልም። የጉምቦሮ ክትባት ለብቻው፣ ገና በጫጩትነት፣ በእርባታው ሳሉ መሰጠት አለበት። ቀኑም በግምት አይሆንም፤ እናቲቱ በእንቁላሉ ያወረሰችው አንቲቦዲ ገና ሳይቀንስ ከተሰጠ ክትባቱን ያከሽፈዋል።

ስለዚህ ለበዓል ወደየአገራችን ስንሄድ ቄብ ለሚገዙ ዘመዶቻችን ሻጩን እንዲጠይቁ እንንገራቸው፤ ለጉምቦሮ ተከትበዋል? በስንት ቀናቸው? የመጡበትን ሣጥንም ወደ ግቢ እንዳያስገቡ፤ ቫይረሱ በኩስ ተለውሶ ዶሮ በሌለበት ቤት እንኳ ከሦስት ወር በላይ ይቆያልና። አዲሶቹን ከነባሮቹ ለይቶ ማቆየትም ገንዘብ አይጠይቅም። ለሰው አይተላለፍም።