ሊማሊሞን ከመውጣትዎ በፊት ካንዴላውን ይፈትሹ

ከድብ ባሕር ተነስቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ሞተር ሳይክል፣ የካንዴላ ጉድ የሚወጣው ዳገቱ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ደህና የነበረው ሞተር መሃል መንገድ ላይ ይንተፋተፋል። ፍተሻውን ሳይነሱ ግቢዎ ውስጥ ይጨርሱት። ለባጃጅም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

የካንዴላ ቁልፍ፣ የክፍተት መለኪያ፣ ንጹሕ የቀለም ብሩሽ፣ ጨርቅ እና መመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለው አዲስ ካንዴላ ያዘጋጁ።

1. ሞተሩን ያጥፉ።

2. እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ በትኩሱ ከፈቱት ጥርሱ ሊላጥ ይችላል።

3. የካንዴላውን ቆብ ይንቀሉ። ራሱን ቆቡን ይሳቡ፤ ገመዱን አይጎትቱ።

4. ዙሪያውን በብሩሽ ያጽዱ። ይህን ደረጃ አይዝለሉ። ወደ ሲሊንደሩ የገባች የአሸዋ ቅንጣት ፒስተኑን ትጭራለች። ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ በአየር ያስነፉት።

5. ቁልፉን ቀጥ አድርገው ይግጠሙ። ካዘነበለ ነጩ ሸክላ ይሰነጠቃል።

6. ወደ ግራ አዙረው ይፍቱ።

7. ጫፉን ፀሐይ ላይ ይዩት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ስለሆነ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ካንዴላውን ከመጣልዎ በፊት የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ፤ ካርቡሬተሩንም ለመካኒክ ያሳዩ። ጫፉ ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከመሰለ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ለደጋ ተብሎ ቤንዚን የተቀነሰለት ሞተር ወደ ታች ሲወርድ ይህ ሊገጥመው ይችላል። ሳያስተካክሉ ረጅም መንገድ አይጀምሩ። ርጥብ ዘይት ካዩ ደግሞ ጋራዥ ይውሰዱት፤ ካንዴላ መቀየር ብቻውን አያድነውም።

8. ሸክላው ከተሰነጠቀ ወይም የመሃሉ ብረት ከተበላ አዲሱን ያውጡ።

9. ክፍተቱን ይለኩ። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ የእርስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ከሰፋ የጎኑን ብረት በቀስታ ያጥፉት፤ የመሃሉን አይንኩ።

10. ካንዴላውን በጣትዎ ያስገቡ። መሃል ላይ ከያዘ ተጣሟል ማለት ነው። አይታገሉት፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

11. በቁልፍ ያጥብቁ። ለአዲስ ካንዴላ በእጅ ከቆመበት ግማሽ ዙር ያህል ይበቃል፤ ያገለገለውን ከሆነ የመለሱት፣ የዙር አንድ ስምንተኛ።

12. ቆቡን ቀጭ እስኪል ይጫኑ።

13. ሞተሩን አስነስተው ድምፁን ያዳምጡ። ያለመቆራረጥ ከሠራ ጨርሰዋል።

አዲሱን ካንዴላ ካልተጠቀሙበት በጨርቅ ጠቅልለው ከነቁልፉ ከመቀመጫው ሥር ይያዙት። ሊማሊሞ ላይ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አይጠብቁ።