እቴጌ ጣይቱና ገንዘባቸው

በአዲስ አበባ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ከማለዳ እስከ ማታ የሰው ድምፅ አይለይም። ቅመም ሻጩ ሚዛኑን ያነሣል፤ የሸማ ነጋዴው ክንዱን ዘርግቶ ይለካል፤ ተሸካሚው መንገድ እየለመነ በሕዝቡ መካከል ያልፋል፤ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ መርካቶ የሚባለው ታላቅ ገበያ ጥንት በዚህ ስፍራ አልነበረም። ጣልያኖች ኢትዮጵያን በያዙበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ወደዚህ ተዛወረ እንጂ ቀድሞ ገበያው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ።

ወደ አራዳ ገበያ የሚወርድ ሰው ማርያ ቴሬዛ የሚባለውን ብር ወይም አሞሌ ጨው ይዞ ይመጣ ነበር። የወረቀት ገንዘብ አልነበረም። ብር የተረፈውም ሰው በእንስራ ከትቶ በመሬት ውስጥ ይቀብረው ነበር፤ ቀባሪው ሳይናገር ቢሞት ገንዘቡ ለማንም ሳይጠቅም ከአፈር ጋር ይቀራል። በዚያ ዘመን፥ ገንዘብ ከመቀበር ይልቅ ሥራ ይሥራ ብለው ካሰቡት ሰዎች አንዷ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ፤ የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን የገዙ፥ እጅግ ባለጸጋ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በአፄ ቴዎድሮስ ድል ሆኑ፤ የቤቱም ሀብት በአንድ ቀን ወደ ሌላ እጅ ገባ። ጣይቱ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ከባለጸጋ ዘር ተወልደው የዘመዶቻቸውን ውድቀት እየሰሙ አደጉ ማለት ነው። ነገር ግን ማንም የማይወስድባቸውን ነገር ተማሩ፤ ሴት ልጅን ማስተማር ባልተለመደበት ዘመን ማንበብና መጻፍ አወቁ፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ቻሉ።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የደስታው ወራት ግን የመከራ ወራት ነበረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለጣልያን ጦር በምጽዋ ወደብ ከገቡት ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ገብቶ በአገሩ ሁሉ ተዛምቶ ነበር። በሬ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ጎተራ ባዶ ሆነ፤ ሰውም በየመንገዱ ወደቀ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ያን ጊዜ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ጠራው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ ይህንም ያደረጉት በእጅ መቆፈር ለመኳንንት ነውር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ከቤተ መንግሥቱ ጎተራም እህል እየወጣ ለተራቡት ይሰጥ ነበር፤ የግቢውን ማጀት የሚያዝዙትም እቴጌ ነበሩ። ይህ እህል ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር መልካም ጠየቀ። እህሉ፥ ማሩና ቅቤው በየአገሩ ያለ ገባር በላቡ ያመጣው ግብር ነበር። ስለዚህ በክፉ ቀን ጎተራውን መክፈት ቸርነት ብቻ ሳይሆን ዕዳን መመለስም ነበር።

በ1888 ዓ.ም. ጣልያኖች በጦር በመጡ ጊዜ እቴጌ የራሳቸውን ሠራዊት በራሳቸው ስንቅ አሰልፈው ዘመቱ። በመቀሌ የጣልያን ምሽግ የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝ የመከሩት እርሳቸው ናቸው፤ ምሽጉም በውኃ ጥም ተፈታ። በዓድዋም ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ አስቀዱ። በሩቅ አገር በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ገንዘብ ይሰዱላቸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ በዛ። አስቀድሞ ባለሥልጣን እንግዳ በቤተ መንግሥት ይስተናገድ ነበር፤ ሌላው በድንኳን ያድር ነበር። እቴጌም በ1900 ዓ.ም. በአራዳ ሆቴል ከፈቱ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የበሰለ ምግብ በገንዘብ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት ያን ጊዜ እንደ ታላቅ ነውር ይቆጠር ነበርና። እንጀራ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም፤ ይህም በራሱ መጥፎ ልማድ አይደለም። እንደሚነገረው አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ ከበሉም በኋላ ሁሉ እያየ ሒሳቡን ከፈሉ። በማግሥቱ ግን ከመኳንንቱ አንድም ሰው አልመጣም። በዚህ ጊዜ ንጉሡ፥ ሰው ሲጋብዝ መብላትን እንጂ በተራ መጋበዝን እንዴት አታውቁም ብለው ወቀሷቸው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላውን እየጋበዘ ሰው ይለምድ ጀመር። ንጉሠ ነገሥት ለሚስታቸው ሥራ ደንበኛ ሲፈልጉ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ሳያስገርም አልቀረም።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ። ይህ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ ስለ ነበረ፥ ከአክሲዮኑ የሚበዛው በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር። እቴጌ ይህን አልወደዱትም። የአገሩ ገንዘብ ለአገሩ ገበሬና ነጋዴ እንዲያገለግል አስበው፥ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚሆን የኢትዮጵያ ማኅበር አስቋቋሙ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። አፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ይዘው ነበርና፥ እቴጌ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው አድርገው ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አስቀመጡ። ይህ ስሕተታቸው ነበረ፤ ብዙ ጠላት አፈራባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አስወገዷቸው።

አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ እቴጌ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። በዚያ በጸሎት ኖሩ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሄደው በዚያ ዕድሜያቸውን እንዲፈጽሙ ፈቃድ ለመኑ፤ ነገር ግን ተከለከሉ። ከሦስት ወር በኋላ በየካቲት አረፉ። በእንጦጦ ተቀብረው ከቆዩ በኋላ አፅማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ፈልሶ ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።

ያቋቋሙት ማኅበር ጠፍቷል። የአቢሲንያ ባንክም በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል። ሆቴሉ ግን በ2007 ዓ.ም. እሳት ቢደርስበትም አልጠፋም። ከአንዋር መስጊድ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ወደ አራዳ የሚወጣ ሰው በዚያ በእቴጌ ስም የሚጠራውን ቤት ያገኛል፤ ገብቶ ይበላል፤ ሒሳቡንም ከፍሎ ይወጣል።