ቅንጭ አረም፦ ሳያብብ እንንቀለው



በመድኃኒት ቤት ሥራዬ አንድ ጉዳይ ደጋግሞ ይገጥመኛል። አንዲት እናት እጄን አሳከከኝ ብላ ትመጣለች። ቅባት ትወስዳለች፤ ይሻላታል። ዝናብ ዘንቦ ጓሮዋን ስታርም ግን ሕመሙ ይመለሳል። «ምን ዓይነት አረም ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ቅንጭ።

ቅንጭ አረም፣ በኦሮምኛ ፋራምሲሳ የሚባለው፣ የትውልድ አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው። በአገራችን በመጀመሪያ የታየው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእኛው በድሬ ዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ሲሆን፣ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ትንንሽና ነጭ ነው። አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩንም ጎርፍ፣ መኪናና ከብት ያዛምቱታል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በውስጡ ያለው ፓርተኒን የተባለ ንጥረ ነገር በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ ያስነሳል። የአበባው ብናኝ ደግሞ ማስነጠስ ያመጣል፤ አስምም ይቀሰቅሳል። የበላችው ፍየል ወተቷ ይመራል። ቅባት ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አረሙ ከጓሮ ካልወጣ ሕመሙ አይቆምም።

እንዴት እናጥፋው?

1. ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ሊያብብ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ ጓሯችሁን ተመልከቱ። ዝናብ ከዘነበ ወይም ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ አፈሩ ሲርስ ከነሥሩ ንቀሉት። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል።

2. ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ልጆችና አስም ያለባቸው ሰዎች አይንቀሉ። ስትጨርሱ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሱንም እጠቡት።

3. ካበበ አታራግፉት። ቀስ ብላችሁ ጆንያ ውስጥ ክተቱና በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ከማዳበሪያ ክምር ጋር አትቀላቅሉት።

4. በቲማቲሙና በቃሪያው መካከል ያለውን ባዶ መሬት አራት ጣት በሚሆን ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ሸፍኑ። ብርሃን ያጣ ዘር በቀላሉ አይበቅልም፤ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። በድሬ ፀሐይ ይህ ሁለት ጥቅም ነው። ስኳር ድንችም መሬቱን ስለሚሸፍን ይረዳል።

5. በንጣፍ ስንጥቅ ለበቀለው የፈላ ውሃ ይበቃል። ጨው ግን አትጨምሩ፤ አፈሩን ያበላሻል።

ስለ ፀረ አረም መድኃኒት

ለአንድ ጓሮ መርዝ መግዛት አያስፈልግም። በተለይ በለስላሳ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጠውን ቤታችሁ አታስገቡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ ከደረሰ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ቆዳችሁ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ቅባት በራሳችሁ አትደጋግሙ።

ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በአንድ ጊዜ ነቀላ አያልቅም። በየዝናቡ ሳያብብ ከነቀላችሁት ግን ኢንሻአላህ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ጎረቤትም አብሮ ይንቀል፤ ዘሩ አጥር አያግደውምና።