ጌሙ ሲጥምሽ፣ ጌሙ ሲሰለችሽ፦ እንቅልፍሽን ማን ወሰደው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞባይል ጌም ነው። «የልጆች ጨዋታ አይደል እንዴ?» እንዳትሉ። ከምንይዛቸው ልጆች አይተን እንጀምረዋለን፤ ሥራ ሲያልቅ በር ዘግተን እንቀጥላለን።

1. ለምን ይጥማል?

በፈረንጆች 2011 ሙሉ ሆኖ የወጣውን ማይንክራፍትን እንውሰድ። ባዶ እጅሽን ትጀምሪያለሽ። ዛፍ መትተሽ ግንድ ታገኛለሽ፤ አንዱ ግንድ 4 ጣውላ ይወጣዋል። በ4 ጣውላ የሥራ ጠረጴዛ፣ በ8 ድንጋይ ምድጃ ትሠሪያለሽ። ሳይመሽ መጠለያ ካላበጀሽ ጭራቆቹ ይመጡብሻል።

የሰው ቤት ውስጥ ያጠብሽው ሳህን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቆሽሻል። ጌሙ ላይ ግን የሠራሽው ግድግዳ ነገም አለ፤ ያንቺ ነው። እኔ ጂዳ በሠራሁባቸው ዓመታት «የኔ» የምለው ጥግ ስልኬ ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጌም የምትወድ እህት ሰነፍ አይደለችም።

2. ለምን ይሰለቻል?

ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ሥራው ያው ነው፦ ቁፈሪ፣ ቁረጪ፣ ሣጥን ውስጥ ደርድሪ። ሌላ የቤት ሥራ፣ ያውም ያለ ደመወዝ! በማይንክራፍት አንድ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ነው። «ሦስት ቀን ብቻ ልጫወት» ስትዪ አንድ ሰዓት ሄደ ማለት ነው።

በነፃ የሚወርዱ ብዙ ጌሞች ደግሞ «ሰዓታት ጠብቂ፣ ወይም ክፈዪ» ይላሉ። መሰልቸቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ እንድትከፍዪ።

3. እንቅልፍሽ መብትሽ ነው

ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ በሳዑዲ ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ ሙሉ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል። በረመዳን ቤቱ እስከ ሱሁር ሲነቃ፣ መካ ላይ በሐጅ ወቅት እንግዳ ሲበዛም ይህ መብትሽ ነው።

እንቅልፍ ያጣ ሰው የጋለ ዘይትና ካውያ ላይ እጁ ይስታል። ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ፦ እንቅልፌን የወሰደው ጌሙ ነው ወይስ ሥራው? ጌሙ ከሆነ መፍትሔው እጅሽ ላይ ነው። ሥራው ከሆነ ግን ጥፋቱን ራስሽ ላይ አታድርጊ።

4. እንዲህ አድርጊ

• ከመጀመርሽ በፊት የስልክሽን አላርም ሙዪ። ሲጮህ ባለሽበት አቁሚ።
• የባንክ ካርድሽን ጌሙ ላይ አታስገቢ።
• ጌሙ ላይ ለተዋወቅሽው ሰው የኢቃማ ፎቶ፣ የቤቱን አድራሻ ወይም በመልእክት የመጣልሽን ኮድ በጭራሽ አትስጪ። «እህትሽ ነኝ» ቢልሽም።
• መሰልቸት ከጀመርሽ ተዪው። ለቤተሰብ ደውዪ ወይም ተኚ።

የሳምንቱ መልመጃ

ለ7 ቀን ሦስት ነገር ጻፊ፦ ሥራ ያቆምሽበትን ሰዓት፣ የተኛሽበትን ሰዓት፣ የተነሣሽበትን ሰዓት። በመጨረሻ እዪው። 8ቱን ሰዓት የነጠቀሽ ሥራው ከሆነ ወረቀቱን አትጣዪው፤ ጂዳ ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ወይም ለሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስታመለክቺ ይጠቅምሻል።