የባሕር ሣር የሚግጡ ዓሦችና የሚስማማቸው ቀለብ

በሐርጌሳ የከብት ገበያ ግመልና ፍየል፣ በግና ላም ሲሸጥ ሲለውጥ የኖረ ሰው የእንስሳ ጤና ከሆዱ እንደሚጀምር አስተማሪ አያሻውም። ለግመል የግራር ቅጠል፣ ለላም ሣር እንደሚስማማ ያውቃል፤ ግጦሽ የለመደ በግ በድንገት ብዙ እህል የበላ እንደ ሆነ ሆዱ ታውኮ እንደሚሞትም አይቶአል። ይህን ዕውቀት ይዞ ወደ በርበራ ባሕር ለወረደ ሰው ግን አንድ ነገር እንግዳ ይሆንበታል፤ ይኸውም በባሕር ውስጥ እንደ ፍየል ቀኑን ሙሉ ሲግጡ የሚውሉ ዓሦች መኖራቸው ነው። ብዙ ሰው ዓሣ ሁሉ ሥጋ በል ይመስለዋል። ስለዚህም እነዚህን ዓሦች አኳሪየም በሚባለው የመስተዋት ገንዳ ለማኖር የሚሻ ሰው፣ ባለማወቅ፣ ቀለብ ሳያጓድልባቸው ይገድላቸዋል።

በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ከሚገኙት የዚህ ዓይነት ዓሦች መካከል ሦስቱን ማንሣት ይበቃል። አንደኛው በዐረብኛ ስሙ ሶሐል የሚባለው ነው፤ ጎኑ በነጭና በጥቁር መስመር የተሸለመ፣ በጅራቱ ሥር እንደ ሐኪም ካራ የሚቆርጥ አጥንት ያለው፣ የግጦሽ ቦታውንም ከሌላው ዓሣ የሚከላከል ቁጡ ፍጥረት ነው። ሁለተኛው የእርሱ ዘመድ ሲሆን መልኩ ሐምራዊ ጅራቱ ቢጫ ነው። ሦስተኛው ሲጋን ይባላል። ሶሐልንና ሲጋንን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጴጥሮስ ፎርስኮል የተባለ ሊቅ ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 ዓ.ም. በየመን ሞቶ ጽሑፉ በጓደኛው በኒቡር አማካይነት በ1775 ዓ.ም. ታተመ። ሊቁ የዓሦቹን ስም ከአገሩ ሰዎች አፍ ስለ ወሰደ፣ ዛሬም በመላው ዓለም የሚጠሩበት የላቲን ስም ከዐረብኛው የተገኘ ነው።

የእነዚህ ዓሦች ግጦሽ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለመረዳት የሲጋንን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። የስዌዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ይህ ዓሣ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲቴራኒያን ተሻገረ፤ በ1920ዎቹም ዓመታት በምሥራቁ ዳርቻ መኖሩ ተመዘገበ። ኋላም ሌላው የሲጋን ዓይነት ተከተለው። ዛሬ በምሥራቅ ሜዲቴራኒያን በብዙ ስፍራ የባሕር ተክል ለብሶ የነበረው አለት በእነርሱ ግጦሽ ራቁቱን ቀርቶአል። ፍየል የበዛበትን ተራራ ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም።

የሚግጡት ነገር አልጌ ይባላል። አልጌ እንደ ምድር ሣር ሥርና ግንድ የለውም፤ በአለት ላይ እንደ ስስ ጠጉር ወይም እንደ ቅጠል ይበቅላል። በውስጡ ያለው ኀይል ጥቂት ስለ ሆነ ዓሣው ከንጋት እስከ ማታ ደጋግሞ መንከስ አለበት። አንጀቱም ሥጋ በል ከሆነው ዓሣ አንጀት ይልቅ ረጅም ነው። አንዳንዶቹ ዶሮ በሆዷ በያዘችው ጠጠር እህል እንደምትፈጭ ሁሉ፣ ከአልጌው ጋር የዋጡትን አሸዋ በጠንካራ ሆዳቸው እያሹ ምግባቸውን ያደቅቁበታል። ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። በቀይ ባሕር ከሚኖር ከሶሐል ዘመድ አንጀት ውስጥ፣ ያለ አጉሊ መነጽር በዓይን ለመታየት የሚችል፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ተገልጾ ነበር። ሊቃውንት ምን እንደ ሆነ ሲከራከሩ ቆይተው በ1993 ዓ.ም. ባክቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ የሚያመሰኩ ከብቶች በሆዳቸው ባሉት ረቂቃን ፍጥረታት እየተረዱ እንደሚኖሩ፣ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹም እንዲሁ ናቸው። ቀለባቸውን መለወጥ ለዓሣው ብቻ ሳይሆን በአንጀቱ ላሉት ማኅበርተኞች ሁሉ መለወጥ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለቀለባቸው መሠረት የሚሆነው የባሕር አልጌ እንጂ ሌላ አይደለም። ለከተማ ሰው የሚቀለው ጃፓኖች ኖሪ የሚሉት እንደ ወረቀት የተደረቀ አልጌ ነው፤ ዘይት፣ ጨውና ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት። ኖሪን ጃፓኖች ለብዙ ዘመን ቢያለሙትም ዘሩ በበጋ የት እንደሚሰወር አያውቁም ነበር፤ ድሩ ቤከር የተባለች እንግሊዛዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በባሕር ዛጎል ውስጥ እንደሚያድር ስለ ገለጸች እርሻው በእርግጠኛ መሠረት ላይ ቆመ። ከኖሪው የዓሣውን ጎን የሚያህል ቁራጭ በድንጋይ ወይም በመቆንጠጫ አስሮ ወደ ገንዳው ማውረድና፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የተረፈውን ማውጣት ነው። ከበርበራ ዳርቻ ትኩስ አልጌ ለማምጣት የሚፈልግም ከወደቡና መርከብ ዘይት ከሚያፈስስበት ርቆ፣ አለት ካለበት ንጹሕ ስፍራ ይልቀም፤ አጥቦም ይስጥ።

የጓሮ አትክልት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ዓሣው በደስታ ይበላዋል፣ ሆዱም የሞላ ይመስላል፣ ነገር ግን ከወር ወር ይከሳል። አዮዲንና የባሕር ተክል ያለው የቅባት ዓይነት በጓሮ ቅጠል ውስጥ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ቆስጣም ቢሆን በፈላ ውሃ ለስልሶ አልፎ አልፎ ቢሰጥ አይከፋም፤ በአልጌ ፈንታ ግን አይቆምም። ዳቦና ሩዝ ጨርሶ አይሰጥም።

ከሁሉ የከፋው የበግና የግመል ሥጋ ነው። የዓሣ ገላ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው፤ ውሃው 26 ዲግሪ ቢሆን ዓሣውም 26 ነው። የበግ ጮማ በዚህ ሙቀት እንደ ረጋ ይቀራል፤ የጥቁር ራስ በግ ስብ ከሳህን ላይ ሲረጋ ያየ ሰው በዓሣ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያስተውል። ጥቂት የባሕር ሥጋ ግን አይከለከልም፤ ዓሣው በባሕር ሲግጥ ከአልጌው ጋር ጥቃቅን ፍጥረታት ይውጣልና፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የደቀቀ ሽሪምፕ ቢያገኝ መልካም ነው።

በቆርቆሮ የሚሸጥ የተፈበረከ መኖ የሚገዛ ሰው በላዩ የተሳለውን ሥዕል ትቶ የተጻፈውን ዝርዝር ያንብብ። በመጀመሪያ የሚጠቀሰው በክብደት የሚበዛው ነው፤ አልጌ ከፊት ካልተጻፈ መኖው ለእነዚህ ዓሦች አልተሠራም። ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ፣ ትንሽ ዕቃ ገዝቶ በማቀዝቀዣ ማኖር ትልቁን ገዝቶ በመደርደሪያ ከማቆየት ይሻላል። ርካሽ መስሎ የሚገዛው ትልቅ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ግማሹ ገለባ ነው።

በሐርጌሳ ቀለብ ማብዛት ሌላም ጉዳት አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በበርበራ ከሚይዘው ያንሳል፤ የተረፈው ቀለብ ሲበሰብስ ደግሞ ያንኑ ጥቂቱን ይሻማል። የተበላሸውን ውሃ ለመለወጥም ወይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወርዶ የባሕር ውሃ መጫን፣ ወይ ጨው ገዝቶ፣ ለሰውና ለከብት እንኳ በብርቱ ጥረት በሚገኘው በከተማው ውሃ መበጥበጥ ያስፈልጋል። በትነት የጎደለውን ግን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ መሙላት ነው፤ ጨው አይተንምና። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጣል በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ለዓሣውም ለባለቤቱም ይጠቅማል።

ላም የከሳች እንደ ሆነ ከጎድኗ እንደምትታወቅ፣ ዓሣም የሚመረመርበት ስፍራ አለው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ሥጋም የጎደጎደ ከሆነ፣ ምንም ቢበላ የተራበ ነው። አዲስ የተያዘ ዓሣ በጉዞ ስለሚጾም አንጀቱ ባዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ይህን ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከማናቸውም መኖ አስቀድሞ በድንጋዩ ላይ እንደ በቀለ አልጌ ማቅረብ ይገባል፤ የለመደውን ድንጋይ ሲነክስ እንግዳውንም ቀለብ ይለምዳል። በእጅ የሚነካው ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የሶሐል ጅራት ይቆርጣል፣ የሲጋን የክንፍ እሾህም መርዝ አለው። የተወጋ ሰው እጁን ሳያቃጥል በሚቻለው መጠን በሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ወደ ሐኪም ይሂድ።